ለአብራሪ የተላከ፣ ለእንግዳ የተነበበ

ሜታር አንድ አውሮፕላን ማረፊያ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ስለ ራሱ ሰማይ የሚያወጣው አጭር ሪፖርት ነው። የአጻጻፍ ደንቡን የሚያወጡት የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (በአጭሩ ኢካኦ) ሲሆኑ፣ አሠራሩ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የተጻፈው ለአብራሪ ነው። አብራሪ ለማረፍ ሲቃረብ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ማኮብኮቢያው ከምን ያህል ርቀት ይታያል፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ ብሏል፣ የከፍታ መለኪያው በስንት ይስተካከል። ዣንጥላ ይያዝ አይያዝ የሚለው ጥያቄ በሜታር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ኮክፒት ውስጥ ዣንጥላ የሚዘረጋ የለምና። ይሁን እንጂ ይኸው ሪፖርት ዛሬ በሆቴል፣ በአስጎብኚ፣ በማኅበር ድረ ገጽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ከማረፊያው አንሥቶ እዚያ የሚያስቀምጠው ፕለጊን የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ፕለጊን ብቻውን አይቆምም፤ በሌላ ፕሮግራም ላይ ተሰክቶ ነው የሚሠራው። ከሚሰካባቸው መካከል በጣም የታወቀው ዎርድፕረስ ነው፤ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የድረ ገጽ መሥሪያ። ፕለጊን መቀበል የጀመረው በዓመቱ ነው። ከፕለጊኖቹ ቀደምት የሚባለው «ሄሎ ዶሊ» ሥራው ሉዊ አርምስትሮንግ ካዜመው ዘፈን አንድ አንድ ስንኝ እየመረጠ በአስተዳዳሪው ገጽ ራስ ላይ መወርወር ብቻ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም፣ ማንንም አይጎዳም። የአየር ሁኔታ ፕለጊን የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ልዩነታቸው ሄሎ ዶሊ ሊሳሳት አለመቻሉ ነው።

ባለ ድረ ገጹ ይህን ፕለጊን የሚጭንበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቦታ ነው። ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ በቀኝ በኩል ሰፋ ያለ ነጭ ይተርፋል። የቀን መቁጠሪያ ይገባበታል፣ ስንት ሰው እንደጎበኘ የሚቆጥር ሳጥን ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው አየር ነው። የአየር ትንበያ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሞልተዋል፤ ግን ምዝገባ ይፈልጋሉ፣ ቁልፍ የሚሉት የይለፍ ኮድ ይሰጣሉ፣ በቀን ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲጠየቁም ሒሳብ ይልካሉ። ሜታር ነፃ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከዓለም ዙሪያ የሚደርሱትን ሪፖርቶች ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንዳንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል እያደረገ በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ያለ ምዝገባ፣ ያለ ክፍያ፣ ለማንም። ስለዚህ የቦሌ ሪፖርት ከቦሌ ተነሥቶ፣ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ የመገናኛ መረብ አልፎ፣ አሜሪካ ደርሶ፣ ከዚያ ተመልሶ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ሆቴል ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። መስኮት የከፈተ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል።

ፕለጊኑ ከተጫነ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማረፊያውን መለያ። መሰናከል የሚጀመረውም እዚህ ላይ ነው። ሻንጣ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አዲስ አበባን በሦስት ፊደል «ኤ-ዲ-ዲ» ይላታል። ያ የአየር መንገዶች ማኅበር የሆነው የአያታ መለያ ነው፤ ለትኬትና ለሻንጣ ይሆናል። ሜታር የሚያውቀው የኢካኦን ባለ አራት ፊደል መለያ ሲሆን፣ በዚያ ቦሌ «ኤች-ኤ-ኤ-ቢ» ነው። ኤች ሰሜን ምሥራቁን የአፍሪካ ክፍል፣ ተከታዩ ኤ ኢትዮጵያን ያመለክታል፤ ድሬዳዋ «ኤች-ኤ-ዲ-አር»፣ ባሕር ዳር «ኤች-ኤ-ቢ-ዲ»፣ ጎንደር «ኤች-ኤ-ጂ-ኤን»፣ ላሊበላ «ኤች-ኤ-ኤል-ኤል» ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይቀላል፤ ለአብዛኞቹ ማረፊያዎች በሻንጣው ሦስት ፊደል ፊት ኬ መጨመር ይበቃል፤ የዋሽንግተኑ ዳላስ «አይ-ኤ-ዲ» የነበረው «ኬ-አይ-ኤ-ዲ» ይሆናል። በዚሁ ልማድ ለአዲስ አበባ ኬ የጨመረ ሰው ምንም አያገኝም። ፕለጊኑም ጨዋ ስለሆነ «ተሳስተሃል» አይልም፤ ባዶ ሳጥን አሳይቶ ዝም ይላል። አንዱን መለያ ከሌላው ያምታታ ደግሞ ከባዶ ሳጥን የባሰ ነገር ይገጥመዋል፤ በአዲስ አበባ ሆቴል ገጽ ላይ የባሕር ዳርን ሙቀት ሲያስነብብ ሊከርም ይችላል። ቁጥሩ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ስላልሆነ የሚጠረጥር አይኖርም፤ እንግዳው ብቻ ቀለል ያለ ልብስ ይዞ ይመጣል።

መለያው በትክክል ከገባ የሚመጣው ሪፖርት ይህን ይመስላል፤ «ኤችኤኤቢ 151200ዜድ 09012ኬቲ 9999 ፊው025 22/09 ኪው1023 ኖሲግ»። ለምሳሌነት የተዘጋጀ ነው እንጂ ቅርጹ ከእውነተኛው አይለይም። ስምንት ቁራጭ ነው፤ በቃል ይከፈልበት በነበረ የቴሌግራም ዘመን ቁጠባ የተጻፈ። ፕለጊኑ ሁለት ምርጫ አለው፤ እንዳለ ማሳየት ወይም ፈትቶ ማሳየት። እንዳለ ካሳየው ጎብኚው ገጹ ተበላሽቷል ብሎ ስልክ ይደውላል። ሲፈታው ደግሞ ሪፖርቱ ያላለውን ማስባል ይጀምራል።

ሰዓቱን እንመልከት። 15 ቀኑ፣ 1200 ሰዓቱ፣ ዜድ ደግሞ ሰዓቱ የግሪኒች መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። ወርም ዓመትም የለበትም፤ በየትኛው ወር እንዳለ የማያውቅ አብራሪ ከአየሩ የከፋ ችግር አለበትና። ፕለጊኑ በግሪኒቹ ላይ ሦስት ሰዓት ጨምሮ 15፡00 ብሎ ይጽፋል። ናይሮቢ ላይ ጉዳዩ እዚህ ያበቃል። አዲስ አበባ ላይ ገና መጀመሩ ነው፤ ከ15፡00 ስድስት ተቀንሶ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆን አለበት። ኬንያዊው በዜድ ላይ ሦስት ሲጨምር ኢትዮጵያዊው ከዜድ ላይ ሦስት ይቀንሳል፤ ሁለቱም ግን የሚኖሩት በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነው። ይህን ፕለጊኑን ለሠራው ለሩቅ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ከሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጎ አግኝቶ አስገብቷል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? ሳጥኑ «የታደሰው 9፡00» ሲል የጠዋቱ ሦስት ይሁን የቀኑ ዘጠኝ አንባቢው መለየት ይሳነዋል። ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል መልሱን የሚያገኘው ወደ ደጅ ወጥቶ የራሱን ጥላ በማየት ነው።

ቀኑም ከዚህ አይሻልም። መስከረም 1 ቀን የወጣ ሪፖርት 11 ብሎ ይጀምራል፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 12። ጳጉሜን የሚባል ነገር መኖሩን ፕለጊኑ አልሰማም፤ እነዚያን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ከሌላው ዓለም ጋር በሰላም በመስከረም ሥር ያሳልፋቸዋል፤ የራሱ መስከረም መሆኑ ነው።

ነፋሱ 09012 ነው፤ ከ90 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ፣ በ12 ኖት። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነፋሱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሜታር የሚናገረው ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ነው፤ ፕለጊን ደግሞ ቀስት መሣል ይወዳል፣ ቀስት የሚሄዱበትን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ አንዱ ፕለጊን ቀስቱን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያዞረዋል፤ ሁለቱም ሲጠየቁ ማስረጃ አያጡም። የቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ባዘነበለ መስመር የተዘረጉ ስለሆኑ ለአብራሪው ይህ ቁጥር ከየትኛው ጫፍ እንደሚያርፍ ይነግረዋል። ለሆቴሉ እንግዳ የሚነግረው ቢኖር የጥብሱ ጢስ ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሄድ ነው።

ቀጥሎ ያለው 9999 ዕይታው 10 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። እንደ ተራ ቁጥር ያነበበው ፕለጊን ግን «ዕይታ፦ 9,999 ሜትር» ብሎ ይጽፋል። አስተዋይ ጎብኚ ያቺን አንዲት ሜትር ምን እንደጋረዳት ሲያስብ ይውላል።

ደመናን ሜታር የሚለካው ሰማዩን ለስምንት ከፍሎ ነው። አንድ ወይም ሁለት ስምንተኛ የተሸፈነ ሲሆን ፊው፣ ሦስት ወይም አራት ሲሆን ስካተርድ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ብሮክን፣ ስምንቱም ሲሸፈን ኦቨርካስት ይባላል። ከኋላው ያለው ቁጥር የደመናው ሥር በመቶ ጫማ ከማረፊያው ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው፤ 025 ማለት 2,500 ጫማ፣ 760 ሜትር ገደማ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ይህ ደመና የሚንሳፈፈው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ሳጥኑ «ጥቂት ደመና» ሲል ቦሌ ላይ ቀና ብሎ የሚታይ ነገር ሲሆን፣ ያው ደመና እንጦጦ ላይ ካረፈ በእጅ የሚዳሰስ ጉም ነው፤ እዚያ ለሩጫ የወጣ ሰው ከፊቱ ያለውን ባሕር ዛፍ የሚያውቀው ሲነካው ነው። ሁለቱም ሰዎች ያነበቡት አንድ ሳጥን ነው።

አየሩ ፍጹም ሲያምር ሜታር እነዚህን ሁሉ ዝርዝሮች ጥሎ «ካቮክ» የሚል አንድ ቃል ይጠቀማል። ዕይታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ከ5,000 ጫማ በታች ደመና የለም፣ የነጎድጓድ ደመና የለም፣ ዝናብም ጉምም የለም ማለት ነው። ተራራ ባለበት አገር የ5,000 ጫማው ገደብ ከፍ ሊል ይችላል። ቃሉን ያልተማረ ፕለጊን በዚህ ቀን የዕይታውንም የደመናውንም ቦታ ባዶ ይተወዋል። በዓመቱ ውስጥ ሳጥኑ ባዶ የሚሆነው እንግዲህ ሰማዩ እንከን ባጣበት ቀን ነው።

22/09 የሚለው ቁራጭ ከሪፖርቱ ሁሉ ለቤት ሰው የሚጠቅመው ነው፤ ፕለጊኖችም ግማሹን የሚጥሉት እሱን ነው። 22 የአየሩ ሙቀት ነው። ይህ በትልቅ ቁጥር፣ በቀለም፣ በሳጥኑ መካከል ይጻፋል። የሚለካው በጥላ ነው፤ ነፋስ እንዲያገኘው ተደርጎ በተሠራ ነጭ ሳጥን ውስጥ። አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐይና ጥላ አንድ ከተማ የማይመስሉባት ቦታ ናት። ጥቅምት ላይ በአንድ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ፀሐይ የደረሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ የሕንፃ ጥላ የያዘው ያንኑ ዓይነት ጃኬት እስከ አንገቱ ይዘጋል፤ ሁለቱም ስልካቸውን ቢያዩ የሚነግራቸው ሙቀት አንድ ነው። የሰልፉን ሙቀት የለካ ሜታር የለም።

09 ደግሞ የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ እስከዚያ ቢቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት መሸከም አቅቶት ጤዛ ወይም ጉም የሚሆንበት ሙቀት። ለአብራሪው የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ጉም ሊመጣ መሆኑን ይጠቁመዋል። ለባለ ቤት ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ዛሬ የታጠበ ልብስ ይደርቃል ወይ? በ22 እና በ9 መካከል የ13 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 43 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። በዚህ ቀን ጠዋት የተሰጣ ጋቢ ከመምሸቱ በፊት ይታጠፋል፤ በርበሬውም ይሰጣል፣ ብቅሉም አይሻግትም። ሐምሌ ላይ 14/12 የሚል ሪፖርት ቢወጣ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ፣ እርጥበቱ ወደ 90 በመቶ ነው። በዚያን ቀን ካልሲ እንኳ ገመድ ላይ ያድራል፤ ሲነሣም መድረቁን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ማስደገፍ ይጠይቃል። ፕለጊን ሠሪው ግን የጤዛ ነጥብ ማንም አይገባውም ብሎ ይደመስሰዋል፤ በምትኩ የፀሐይ ሥዕል ያስገባል። ከሜታር ውስጥ ለኢትዮጵያ ቤት የሚሆን ፕለጊን ይውጣ ከተባለ አንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ «ይሰጣ» ወይም «አይሰጣ» የሚል ብቻ ነው የሚበቃው። የአስጎብኚ ድረ ገጽ ላይ አያምርም ይሆናል፤ ግን አይዋሽም።

ኪው1023 የአየር ግፊት ነው፣ በሄክቶፓስካል። ቁጥሩ ቦሌ ላይ ያለው እውነተኛ ግፊት አይደለም፤ ማረፊያው በባሕር ወለል ላይ ቢሆን ኖሮ ሊሆን ይችል የነበረው ነው፤ አብራሪው የከፍታ መለኪያውን በእሱ ሲያስተካክል መሣሪያው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ በትክክል ይሰጠዋል። ቦሌ ላይ በእርግጥ ያለው ግፊት ወደ 770 ሄክቶፓስካል ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ገደማ። ይህ ቀጭን አየር ትልልቅ ሥራ ይሠራል። ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ያፈላል፣ ሽሮውን ያዘገያል፣ አዲስ የመጣውን እንግዳ በሆቴሉ ደረጃ ላይ ያስቆማል። አውሮፕላኑንም አይምረውም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ነዳጅ ለመሙላት ደብሊን ላይ ሲያርፍ፣ የመልሱ ጉዞ ግን ሳያርፍ በቀጥታ ሲመጣ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙሉ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ከቦሌ ቀጭን አየር ላይ መነሣት ይከብደዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገውን ግፊት ሳጥኑ «1023» ብሎ ሲያቀርበው አዲስ አበባ ከጅቡቲ ወደብ ጎን የተቀመጠች ይመስላል። ደረጃው ላይ የቆመው እንግዳም ጥፋቱ የራሱ ሳንባ መሆኑን ያምናል።

ዝናብ በሜታር ውስጥ የሚጻፈው ሲዘንብ ነው፤ በሁለት በሁለት ፊደል። አር-ኤ ዝናብ፣ ዲ-ዜድ ካፊያ፣ ቲ-ኤስ ነጎድጓድ፣ ጂ-አር በረዶ፣ ኤፍ-ጂ ጉም። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለ ቀላል፣ የመደመር ምልክት ካለ ከባድ፣ ምንም ከሌለ መካከለኛ ነው። ምልክቷን ያልያዘ ፕለጊን ካፊያውንም ዶፉንም በአንድ ሥዕል፣ ሦስት ሰማያዊ ጠብታ ባላት ደመና ያሳያል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለአገሪቱ ቱሪዝም ያወጡት «የ13 ወር ፀጋ» (በእንግሊዝኛው «የ13 ወር ፀሐይ») የሚለው መፈክር በገጹ ራስ ላይ በደማቅ ቢጫ ተጽፎ፣ ከሥሩ ነሐሴ ላይ ጠብታዋ ስትቆም ደግሞ አንደኛው ሌላኛውን እያየ ይከርማል። ፕለጊኑ ፀሐይዋን ብቻ ሳይሆን አንዱን ወርም ስለሚክድ ክርክሩ በሁለት ነጥብ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ግን ከፕለጊኑ አይመጣም፤ ከቦታው ይመጣል። ሜታር የማረፊያውንና የአካባቢውን አየር ነው የሚናገረው። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ በሰፈር የሚዘንብ ዝናብ ነው። ፒያሳ ላይ ሰው በሱቅ በራፍ ተጠልሎ መንገዱ ወንዝ ሲሆን እያየ፣ ቦሌ ላይ መስኮት የሚያጥበው ሰው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ፒያሳ ያለው ሆቴል ድረ ገጽ በዚያች ሰዓት «ጥቂት ደመና» ይላል። ስሙ የአዲስ አበባ ነው፣ ዓይኑ ያለው ግን በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው። አንዳንዱ ፕለጊን ደግሞ ባለ ገጹን ከማሰብ ለማዳን ቅርብ ያለውን ማረፊያ ራሱ ይመርጣል። 130 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የደብረ ብርሃን ሆቴል ከ2,800 ሜትር በላይ፣ የአዳማው ሆቴል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ሁለቱም ቦሌ ከተሰጣቸው ሁለቱም 22 ዲግሪ ይሆናሉ። ሙቀት በአንድ ሺህ ሜትር ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ሲታሰብ እውነተኛው ልዩነት ሰባት ዲግሪ አካባቢ ነው። የደብረ ብርሃኑ እንግዳ በሳጥኑ አምኖ ቲሸርት ለብሶ ከአውቶቡስ ሲወርድ ለከተማው ብርድ ልብስ ነጋዴዎች ጥሩ ቀን ነው።

የሥዕሉ ነገር ብቻውን ወግ ይወጣዋል። ሜታር ቀን ይሁን ሌሊት አይናገርም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ጥርት ያለ ነው። ፕለጊኑ ይህን ሲያይ የሚያወጣው ሥዕል የምትስቅ ፀሐይ ናት፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን። ጠንቃቃው ሠሪ የማረፊያውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ ፀሐይ የምትወጣበትን ደቂቃ የሚያሰላ ረጅም ኮድ ይጽፋል። ለአዲስ አበባ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ የራቀች ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ በ12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጣጠር የሚያውቅ ፕለጊን ቢኖር በአንድ መስመር ያልቅለት ነበር።

ሜታር አሁን የሆነውን እንጂ የሚሆነውን አይናገርም። ስለ ነገ የሚናገረው ታፍ የሚባለው ሌላ ሪፖርት ነው፤ የ24 ወይም የ30 ሰዓት የማረፊያ ትንበያ። በሜታር መጨረሻ የምትገኘው «ኖሲግ» በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት የጎላ ለውጥ አይጠበቅም ከማለት አታልፍም። ፕለጊኑ አብዛኛውን ጊዜ እሷንም ይቆርጣታል። ጎብኚው ግን በሥዕል ያጌጠ ሳጥን ሲያይ ትንበያ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ የቅዳሜውን ሠርግ በማክሰኞ ሜታር ያቅዳል።

በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ለድረ ገጹ ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ቢያደርግ፣ አንዱ ለቦሌ አንዱ ለዳላስ፣ አዲስ ችግር ይወልዳል። አሜሪካ ሜታርን የተቀበለችው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን የራሷን ጓዝ ይዛ ነው የገባችው። ዕይታን በማይል፣ ግፊትን በሜርኩሪ ኢንች ትጽፋለች። ሙቀቱን ግን በሴንቲግሬድ ነው የምትጽፈው፤ ሕዝቧ በፋራናይት ሲያወራ የአውሮፕላን ማረፊያዎቿ በሴንቲግሬድ ይጽፋሉ። ፕለጊኑ ለአሜሪካ አንባቢ ብሎ ወደ ፋራናይት ይመልሰዋል፤ ቦሌንም አብሮ። የቦሌው 22 ዲግሪ 72 ሆኖ ሲወጣ አዲስ አበባ ያሉ እናት ልጃቸው ያለበትን አገር ትተው ለከተማቸው መጨነቅ ይጀምራሉ። በጥር ደግሞ ዳላስ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ሜታር የመቀነስ ምልክት አይጠቀምም፤ በምትኩ ኤም የምትል ፊደል ያስቀድማል። ፊደሏን እንደ ትርፍ ነገር የጣለ ፕለጊን ከዜሮ በታች 5 የሆነውን 5 ያደርገዋል፤ ውጭ በረዶ የሚጠርገው ሰው ስልኩን አይቶ የሚጽናናው በዚህ ነው።

ፕለጊኑ ሪፖርቱን የሚያመጣበት መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። ጎብኚ በመጣ ቁጥር አሜሪካ ድረስ መሄድ ገጹን ያንቀራፍፈዋል፤ የወዲያኛው ሰርቨር ቢዘገይ የሆቴሉ ገጽ በሙሉ አየሩን እየጠበቀ ነጭ ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ ጥሩ ፕለጊን አንዴ ያመጣውን በማቆያ አኑሮ ለሠላሳ ደቂቃ ወይም ለአንድ ሰዓት ያንኑ ያሳያል፤ ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ፈጥኖ ስለማይታደስ ብዙም አይጎድልም። በጊዜ ቀጠሮ ይታደስ ከተባለ ግን የዎርድፕረስ የቀጠሮ ሥራ በራሱ ሰዓት እንደማይነሣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚነሣው አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ነው። ጎብኚ የሌለው ድረ ገጽ የአየሩ ሁኔታም አይለወጥም። በሦስተኛው ሳምንት የመጣ ብቸኛ ጎብኚ የሦስት ሳምንት አየር አንብቦ ይሄዳል፤ ለእሱ ብሎ የታደሰውን የሚያየው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው፣ ከመጣ። ሌሊት በረራ የማያስተናግዱ ማረፊያዎች ሪፖርታቸውን የሚያቆሙበት ሰዓትም አለ፤ ያኔ ሳጥኑ የማታውን አየር እስኪነጋ እንደ አዲስ ያቀርበዋል። ከሪፖርቱ ጎን የወጣበትን ሰዓት የማይጽፍ ፕለጊንን ከመጫን ባዶውን ቦታ ለቀን መቁጠሪያው መተው ይሻላል።

ከብዙዎቹ ፕለጊኖች በታች በደቃቅ ፊደል «ለበረራ አገልግሎት አይውልም» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ማሳሰቢያው አስፈላጊ መስሎ የታየው ለሠሪው ነው፤ የሆቴል የምሳ ዝርዝር የያዘ ገጽ ከፍቶ የሚያርፍ አብራሪ ካለ ማሳሰቢያ አያድነውም።

የፕለጊኑ ዕድሜ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ከምንጩ ነው። የአሜሪካው የአቪዬሽን አየር ሁኔታ ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. ድረ ገጹን በአዲስ መልክ ሲሠራ የድሮውን አድራሻ ይጠይቁ የነበሩ ፕሮግራሞች መልስ አጡ። ሠሪው በሥራው ላይ ያለ ከሆነ አድራሻውን ለውጦ አዲስ እትም ያወጣል። ሥራ ለውጦ፣ አግብቶ ወይም ሰልችቶት ከሆነ ፕለጊኑ በዎርድፕረስ ማውጫ ውስጥ ይቀራል፤ ከራሱ በላይ በቢጫ መደብ ላይ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ዋና እትሞች ጋር እንዳልተሞከረ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። በዚያ ጊዜ ማድረግ የሚገባው ማጥፋት ነው። በዊጀት፣ ማለትም ለብቻው በሚቀመጥ ሳጥን መልክ ጥግ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ሳጥኑ ያለ ኮቴ ይጠፋል። በሾርትኮድ፣ ማለትም በማዕዘን ቅንፍ በተከበበ ትእዛዝ ገጹ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን ትእዛዙን የሚያስፈጽም ስለሌለ ቅንፉ ራሱ፣ ከነመለያው፣ ለአንባቢ ይታያል። ባለ ገጹ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ በእጁ እስኪሰርዘው ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ሜታር ማንበብ የለመደ ጎብኚ ካለም አዲስ ዓይነት አየር መስሎት ሊፈታው ይሞክራል።